ድምፅ ከበሩ ይጀምራል

ያገለገለ ራቭ ፎር ወይም ቪታራ የገዛ ሰው ሊብሬው ገና በስሙ ሳይዞር ቴፑን ስለመቀየር ማሰብ ይጀምራል። አይፈረድበትም። የድሮው ቴፕ ብሉቱዝ የለውም፤ የገባለትን ሲዲ መልሶ ይተፋል፤ መኪናው ከጃፓን የመጣ ከሆነ ደግሞ የስክሪኑ ጽሑፍ አይነበብም። ስለዚህ ሰውየው ወደ ዲኮር ቤት ይሄዳል። ትልቅ ስክሪን ያለው አንድሮይድ ቴፕ ይገጠምለታል፤ የኋላ ካሜራም ይጨመርለታል። ጥቂት ቀን ደስ ብሎት ይነዳል። ከዚያ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር የዘፋኙ ድምፅ ጆሮ እንደሚበሳ፣ ቤዙም በሩ ውስጥ እንደሚንጫጫ ያስተውላል። «ስፒከሩ ነው» ይሉታል፤ ስፒከር ይገዛል። ለውጡ ከጠበቀው ያንሳል። «አምፕሊፋየር ይፈልጋል» ይሉታል፤ እሱንም ይገዛል። በሩም ከበፊቱ ብሶ ይንጫጫል።

በዚህ ምዕራፍ የምሟገተው ስለ አንድ ነገር ነው፤ የወጪው ቅደም ተከተል ተገልብጧል። የመኪና ድምፅ ማማሩም ሆነ መበላሸቱ ከሁሉ በፊት የሚወሰነው ስፒከሩ በተቀመጠበት በር ነው። ሰው ግን ለስክሪኑ ብዙ ሺህ ብር ያወጣል፣ ለስፒከሩ የተረፈውን ይሰጣል፣ ለበሩ ምንም አያስቀርለትም። ቅደም ተከተሉን ያስተካከለ ሰው በግማሽ ገንዘብ የተሻለ ድምፅ ያገኛል።

ለመኪና ድምፅ መጨነቅን እንደ ቅንጦት የሚያዩት ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ እጃችን ላይ ያለው አሮጌ ራቭ ፎር ገና ብዙ ዓመት አብሮን ይኖራል። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ጠዋትና ማታ ተዘግቶብን የምናሳልፈው ሰዓትም ቀላል አይደለም። በዚያ ሁሉ ሰዓት የምንሰማውን ዜና፣ ትረካና ዘፈን አጥርቶ መስማት የሚገባ ነገር ነው።

ሸገርን የማይሰማ ሬዲዮ

ቴፑ መቀየር ያለበት መሆን አለመሆኑን ለማወቅ የመጀመሪያው ጥያቄ መኪናው ከየት አገር መጣ የሚለው ነው። በጃፓን የኤፍ ኤም ሥርጭት ለረጅም ዘመን ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ተወስኖ ኖሯል፤ ወደ 95 የሰፋው እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ነው። እኛና አብዛኛው ዓለም የምንጠቀመው ደግሞ ከ87.5 እስከ 108 ያለውን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2005 የተመረተው ሁለተኛው ትውልድ ራቭ ፎር ለጃፓን ገበያ የተሠራ ከሆነ፣ ፋብሪካው የገጠመለት ሬዲዮ 90 ላይ ይቆማል። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1 ሁሉም ከዚያ በላይ ናቸው። ሬዲዮው ጤነኛ ነው፤ የተሠራው ግን ለሌላ ሰማይ ነው።

ለዚህ ችግር ገበያው ላይ ባንድ ኤክስፓንደር የምትባል ትንሽ ሳጥን አለች። በአንቴናው ገመድና በሬዲዮው መካከል ትገባና የጣቢያዎቹን ሞገድ በሙሉ በእኩል መጠን ዝቅ ታደርጋለች። በ14 ሜጋኸርዝ የምትቀንስ ከሆነች ሸገር 88.1 ላይ፣ ኤፍ ኤም አዲስ 83.1 ላይ ይሰማሉ። አፍሮ ኤፍ ኤም ግን 105.3 ላይ ስለሆነ ወደ 91.3 ይወርድና አሁንም ከሬዲዮው ክልል ውጭ ይቀራል። ደካማ ጣቢያዎች ላይ ሽሽታ መጨመሯም አይቀርም። ርካሽ መፍትሔ ናት፤ እኔ ግን ለጊዜያዊነት እንጂ ለዘለቄታው አልመክራትም። ከጃፓን በመጣ መኪና ላይ ቴፑን መቀየር ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

ከዱባይ ገበያ ወይም ከአውሮፓ የመጣ መኪና ይህ ችግር የለበትም። ከአሜሪካ የመጣውም አይቸገርም። የአሜሪካ ሬዲዮ የሚዘለው በ0.2 ስለሆነ የሚይዘው መጨረሻቸው ጎደሎ ቁጥር የሆነውን ብቻ ነው፤ ከላይ የጠቀስኳቸው የአዲስ አበባ ጣቢያዎች ደግሞ ሁሉም መጨረሻቸው ጎደሎ ነው።

የጃፓን ቶዮታዎች ሌላም ነገር አላቸው። ናቪጌሽን ያለው ቴፕ ባትሪ ሲፈታ ይቆለፍና የይለፍ ቁጥር ይጠይቃል። ብዙ ሰው ባትሪ ባስቀየረ ማግስት «ቴፑ ተቃጠለ» ብሎ የሚጥለው ይህንኑ ነው። ቴፑ አልተቃጠለም፤ ቁጥሩን እየጠበቀ ነው።

አዲሱን ቴፕ ስትገዙ መጠኑን በሚሊሜትር ለኩ። በዓለም የተለመደው ድርብ ዲን የሚባለው ክፍተት 180 በ100 ነው። ብዙ ቶዮታዎች ግን 200 በ100 የሆነ ሰፋ ያለ ክፍተት ስላላቸው መደበኛውን ቴፕ ስታስገቡ ግራና ቀኙ ይከፈታል። ለዚህ የሚሆን የፕላስቲክ ጠርዝ ይሸጣል፤ አብራችሁ ግዙት።

አሁን አጥብቄ የምለምነው ነገር አለ፤ የመኪናውን ሶኬት አታስቆርጡ። የቶዮታ ቴፕ በጀርባው ባለ 10 እና ባለ 6 ፒን ሁለት ሶኬቶች አሉት። መብራቱ፣ ማሳው እና የፊት ስፒከሮች በትልቁ፣ የኋላ ስፒከሮች በትንሹ ያልፋሉ። በአንድ በኩል ለእነዚህ ሶኬቶች፣ በሌላ በኩል ለአዲሱ ቴፕ የሚሆን ተቀጣይ ገመድ ይሸጣል፤ ከቴፑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። እሱ ሳይገዛ የመጀመሪያው ሶኬት ተቆርጦ ገመድ በገመድ ተጠምዝዞ በናስትሮ ሲጠቀለል፣ ሙጫው በፀሐይ ይለቅና ከዓመት በኋላ ዳሽቦርዱ ውስጥ የተራቆተ ሽቦ ይንጠለጠላል። የእሳት አደጋ ነው።

የአዲሱን ቴፕ ገመዶች በቀለም ማወቅ ከኤሌክትሪሺያን ጋር ለመነጋገር ይረዳል። ቢጫው ቀጥታ ከባትሪ ነው፤ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚነሳ ነው፤ ጥቁሩ ማሳ ነው። ቢጫውና ቀዩ ከተቀያየሩ መኪናውን ባጠፋችሁ ቁጥር ቴፑ የያዛቸውን ጣቢያዎች ይረሳል። ሁለቱም ከባትሪ ከታሰሩ ደግሞ መኪናዋ ስትቆም ባትሪው ማለቅ ይጀምራል። ሰማያዊው ብዙ ጊዜ ተረስቶ ሳይታሰር የሚቀር ገመድ ነው። አንቴናው የራሱ ማጉያ ካለው በዚህ ገመድ ነው ኃይል የሚያገኘው፤ «ቴፕ ከቀየርኩ ወዲህ ሬዲዮው ደከመ» የሚል ሰው መጀመሪያ እሱን ያስፈትሽ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው የባትሪው ኔጌቲቭ ተፈትቶ ነው። ቶዮታ ራሱ በጥገና መመሪያው ባትሪው ከተፈታ በኋላ ቢያንስ 90 ሴኮንድ ጠብቁ ይላል፤ ኤርባጉ ኃይል አጠራቅሞ ስለሚይዝ ነው። ዳሽቦርዱ ውስጥ ቢጫ ሶኬት ካያችሁ የኤርባግ ነው፤ እንዳትነኩት።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት

በቴፑ ካርቶን ላይ «4×50 ዋት» ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማንም ማስላት ይችላል። ሞተር ሲሠራ ዲናሞው እስከ 14.4 ቮልት ይሰጣል። የመኪና ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ 4 ኦም ነው። ቮልቱን በራሱ አባዝታችሁ ለ4 ብታካፍሉት 51.8 ዋት ይመጣል። ይህ የሚሆነው ግን ቴፑ ሙሉውን ቮልት ያለ እረፍት ወዲያና ወዲህ እየገለበጠ ሲያወጣ ነው፤ እንዲህ ያለው ሞገድ ሙዚቃ አይደለም፣ ጩኸት ነው። ንጹሕ ድምፅ ቀስ ብሎ ወጥቶ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ የሚደርሰው የዚያ ግማሽ፣ 26 ዋት ገደማ ነው። በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ ለእያንዳንዱ ስፒከር 20 ዋት አካባቢ ይቀራል። ካርቶኑ ላይ 50 ተጻፈ 60፣ ልዩ የኃይል ማሳደጊያ ከሌለው በቀር በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ቴፕ ሁሉ እዚያው አካባቢ ነው። ትክክለኛውን ቁጥር ማወቅ ከፈለጋችሁ «ማክስ» የሚለውን ትታችሁ «አርኤምኤስ» የሚለውን አንብቡ።

20 ዋት አያንስም። የሚያንሰው ለዚያ ኃይል ያልታሰበ ስፒከር ስንገጥም ነው። ስፒከር ሲገዛ መታየት ያለበት ዋቱ ሳይሆን ሴንሲቲቪቲ የሚባለው በዴሲቤል የሚጻፍ ቁጥር ነው፤ አንድ ዋት ሰጥተነው አንድ ሜትር ርቀን ስንሰማው ምን ያህል እንደሚጮህ ይነግረናል። በ3 ዴሲቤል መብለጥ ማለት የተሰጠውን ኃይል እጥፍ እንዳደረጉለት ነው። 91 ዴሲቤል የሆነ ስፒከር በ20 ዋት የሚሰጠውን ድምፅ 88 የሆነው የሚሰጠው በ40 ዋት ነው። ስለዚህ «300 ዋት» የተጻፈበትና ሴንሲቲቪቲው ዝቅተኛ የሆነ ስፒከር አምፕሊፋየር በሌለው መኪና ላይ ከፋብሪካው ስፒከር ያነሰ ሊጮህ ይችላል። የፋብሪካው የወረቀት ስፒከር ቀላል ስለሆነ በትንሽ ኃይል ይነቃነቃል። ወረቀቱ ካልተቀደደና ጠርዙ ካልተበላ ሳትጥሉት በፊት በሩን አስተካክላችሁ ስሙት። እኔ ያየኋቸው አንዳንድ መኪኖች ስፒከር መቀየር ጨርሶ አላስፈለጋቸውም።

በሩ ሲከፈት

የስፒከር ወረቀት ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለውን አየር ያምቃል፤ በዚያው ቅጽበት ከኋላው ያለውን ይስባል። ከፊት የሚወጣውና ከኋላ የሚወጣው ሞገድ ተቃራኒ ናቸው። ሁለቱ ከተገናኙ ይጣፋሉ። ቀጭን ድምፅ እንዲህ አያገኘውም፤ በ3000 ኸርዝ አንድ ሞገድ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ወደ ፊቱ ይበርራል እንጂ ዞሮ አይመለስም። ቤዝ ግን ሌላ ነው። በ60 ኸርዝ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ወደ 5.7 ሜትር ይጠጋል፤ ከመኪናው ርዝመት ይበልጣል። ትንሽ ቀዳዳ ባገኘ ጊዜ ከኋላ ወደ ፊት ዞሮ ራሱን ያጠፋል። ቀዳዳ ባለው በር ላይ የተገጠመ ውድ ስፒከር የተቀደደ ወናፍ ነው፤ የቱንም ያህል ቢገፉት ከሰሉን አያግመውም።

በሩ ደግሞ በቀዳዳ የተሞላ ነው። አንድ ወጣት ኤሌክትሪሺያን የራቭ ፎር የፊት በር ሲፈታ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። መጀመሪያ ከውስጥ እጀታው ኋላ ያለችውን ብሎን፣ ቀጥሎ በሩን ስንዘጋ የምንይዘው ጉድጓድ ውስጥ የተደበቀችውን በካቻቢቴ አወጣ። ከዚያ ጣቶቹን በታችኛው ጠርዝ አስገብቶ ክሊፖቹን አንድ በአንድ እያስነሳ ሽፋኑን ወደ ላይ አንሥቶ ከመስታወቱ ከንፈር አላቀቀው፤ የመስታወቱን ሶኬትም ነቀለ። ከሽፋኑ በታች በጥቁር ሙጫ የተለጠፈ ስስ ላስቲክ ነበር፤ አንዱ ጥግ በቀድሞ ጠጋኝ እጅ ተቀዷል፤ ከቀዳዳው ሥር የክረምት ውኃ የወረደበት የጭቃ መስመር ይታያል። ላስቲኩን ገለጥ ሲያደርገው እጅ እስከ ክርን የሚያስገቡ ትልልቅ ክፍተቶች ታዩ። ስፒከሩ የታሰረው በብሎን አልነበረም፤ ፋብሪካው በሪቬት ነው የመታው።

ልጁ የበሩን የውጭ ቆርቆሮ ከውስጥ በኩል በጣቱ አንጓ መታ መታ አደረገና «ጋሼ፣ ይስሙት» አለኝ። እንደ ባዶ በርሜል አስተጋባ። ፊቱ አሉሚኒየም፣ ጀርባው የሚለጠፍ ቡቲል ጎማ የሆነ ወፍራም ምንጣፍ በእጅ መዳፍ ስፋት እየቆረጠ ቆርቆሮው ላይ ለጠፈ፤ በትንሽ ሮለር እየተጫነ አየሩን አስወጣ። ደግሞ መታው። ድምፁ አጠረ፤ እንጨት የተመታ መሰለ። በቀሩት ትልልቅ ክፍተቶች ላይ ያንኑ ምንጣፍ ዘርግቶ ደፈናቸው። የሠራው ሁሉ ይኸው ነው። ስፒከሩ ገና የድሮው ነበር፤ በሩ ተገጥሞ ቴፑ ሲከፈት ግን ቤዙ ከየት እንደመጣ ባለቤቱ ግራ ገባው።

በዚህ ሥራ ሦስት ነገሮች ሊበላሹ ይችላሉና ቆማችሁ እዩ። የውጩን ቆርቆሮ ሙሉ በሙሉ መሸፈን አያስፈልግም፤ ከሩብ እስከ ግማሽ መንካት መንቀጥቀጡን ለመግደል ይበቃል፤ ከዚያ በላይ በሩን ማክበድ ነው። የውስጡ ክፍተት ግን በደንብ መዘጋት አለበት። በበሩ ግርጌ ያሉትን የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች ማንም እንዳይደፍናቸው፤ ዝናብ በመስታወቱ ጠርዝ ሁልጊዜ ይገባል፤ መውጫ ካጣ በሩ ከውስጥ ይዝጋል። በመጨረሻም ቡቲል ነው ተብሎ የጣሪያ ሬንጅ እንዳይለጠፍባችሁ። ሬንጅ መኪናው ፀሐይ ላይ ሲቆም ይቀልጣል፣ ሽታውም ከወንበሩ ጨርቅ አይለቅም። ከመለጠፉ በፊት አሽትቱት።

አዲስ ስፒከር የምትገጥሙ ከሆነ ሪቬቶቹ በመሰርሰሪያ ይወጣሉ፤ ፍርፋሪው በሩ ውስጥ እንዳይቀር ይጠረግ። ለቶዮታ በር በብዛት የሚሆነው 6 ኢንች ተኩል ነው፤ ከመግዛት በፊት ግን መስታወቱን እስከ ታች አውርዳችሁ በመስታወቱና በስፒከሩ መቀመጫ መካከል ያለውን ጥልቀት ለኩ። የአዲሶቹ ማግኔት ወፍራም ስለሆነ መስታወቱ ሲወርድ ሊመታው ይችላል። በበሩና በስፒከሩ መካከል የሚገባው ቀለበት የፕላስቲክ ይሁን። ከኤምዲኤፍ የሚሠራው ያምራል፤ ሁለት ክረምት ካለፈበት በኋላ ግን እርጥበት ጠጥቶ ያብጥና ብሎኑ ይላላል። በስፒከሩ ፊትና በሽፋኑ ወንፊት መካከል የስፖንጅ ጠርዝ ይለጠፍ፤ ያለበለዚያ ግማሹ ድምፅ ሽፋኑ ውስጥ ይቀራል።

ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ የማይታወቅ የስፒከር ገመድ ካጋጠመ ቀላል መንገድ አለ። ገመዱን ከቴፑ አላቅቃችሁ የግድግዳ ሰዓት ባትሪ፣ ባለ 1.5 ቮልቱን፣ ለአፍታ ንኩበት። ወረቀቱ ወደ ውጭ ከወጣ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው የስፒከሩ ፖዘቲቭ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ተገላቢጦሽ ነው።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ምንም ብር የማይጠይቅ አንድ ትልቅ ለውጥ ቴፑ ውስጥ ይገኛል። «ሃይ ፓስ» ወይም ኤችፒኤፍ የሚለውን ፈልጋችሁ 80 ኸርዝ ላይ አድርጉት። እኩል እንዲጮህ ከተፈለገ ስፒከር በ40 ኸርዝ የሚንቀሳቀሰው ርቀት በ80 ከሚንቀሳቀሰው አራት እጥፍ ነው። በ6 ኢንች ተኩል ወረቀት ይህን መጠየቅ ከአቅሙ በላይ ነው፤ ቤዙም አይመጣም፣ የዘፋኙም ድምፅ ይታመማል። ከ80 በታች ያለውን ስትነሡት የቀረውን በንጽሕና ይሰጣል።

ከ80 በታች ያለውንም አልተውም የሚል ሰው ለሰብዉፈር ቦታ አያጣም። በአውቶሞቢል ሰብዉፈሩ ኮፈኑ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ ታፍኖ ይቀራል። በራቭ ፎርና በመሰሎቹ ግን የዕቃ መጫኛው ከተሳፋሪው ጋር አንድ አየር ይጋራል፤ ትንሽ ሳጥን በትንሽ ኃይል መላውን መኪና ትሞላለች። ሰብዉፈሩን የሚነዳው አምፕሊፋየር ዋና ገመድ ከባትሪው በወጣ ግማሽ ሜትር ሳይሞላ ፊውዝ ይግባበት፤ ማሳውም ቀለሙ ተፍቆ በተራቆተ ብረት ላይ ይታሰር። ሞተሩ ሲፈጥን አብሮ የሚያፏጭ ድምፅ ከሰማችሁ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ይህ ማሳ ነው።

ለመፈተሽ እኔ የምጠቀመው በገና ነው፤ የአለሙ አጋን ቅጂ ለምሳሌ። የበገና አውታር ድምፁ ጥልቅ ነው፤ በእያንዳንዱ አውታርና በመቀመጫው መካከል የምትገባው ትንሽ ቆዳ፣ እንዝራዋ፣ ደግሞ ያንን የታወቀ ንዝረት ትጨምርበታለች። ጥልቀቱ ከጠፋ በሩ አሁንም ያፈስሳል። ንዝረቱ ከደበዘዘ ቀጭኑን ድምፅ የሚሰጠው ትንሹ ስፒከር፣ ትዊተሩ፣ አልሠራም ወይም ወደ እግራችሁ ዞሯል፤ ቀጭን ድምፅ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ትዊተር ከፊት መስታወቱ ጎን ባለው ምሰሶ ላይ፣ ወደ ጆሮ ዞሮ ቢቀመጥ ይሻላል።

ቀጥሎ ዜና የሚያነብ ጣቢያ ክፈቱና ባላንሱን መካከል ላይ፣ ፌደሩን ወደ ፊት አድርጋችሁ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ጭንቅላታችሁን አስገቡ። የአንባቢው ድምፅ ከዳሽቦርዱ መካከል ቢመጣ የፊት በሮቹ ተስማምተዋል። ድምፁ ቦታ አጥቶ ከሁሉም አቅጣጫ ቢመጣ፣ ቀጭንም ሆኖ ቢሰማ፣ ከሁለቱ በሮች በአንዱ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ተቀያይሯል፤ የአንዱን በር ሽፋን አውርዳችሁ ሁለቱን ገመዶች አቀያይሩ።